የተወልደመድህን እንሽላሊት

ስልኩ የጮኸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ከቤታችን በታች ባለው ፌርማታ ማታቱ ስጠብቅ ነው። በፔርሙዝ የአጃ ሾርባ ይዤለት ነበር። ነርሷ ስሙን ከመጥራቷ በፊት “ፖሌ ሳና፣ ማማ” አለችኝ። ኬንያ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው፣ ይህ የማጽናኛ ቃል በጠዋት ከሆስፒታል ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን “የትኛው ተወልደመድህን?” ብዬ ጠየቅኋት፤ እዚያ ሆስፒታል ሌላ ተወልደመድህን ያለ ይመስል። ማታቱው መጣ። ረዳቱ “ታውን! ታውን!” እያለ ጣሪያውን ደበደበ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ስደርስ ሾርባው ገና ትኩስ ነበር።

ይህ የሆነው በጥር ነው። አሁን ስለ ባለቤቴ የምጽፈው ሰዎች ስለ አንዲት እንሽላሊት እየሰሙ ስለሚጠይቁኝ ነው። ስለ እሷ ለመናገር ደግሞ ስለ እሱ መናገር ያስፈልጋል።

ተወልደመድህን አስመራ ተወለደ፤ አማርኛን እዚያው ትምህርት ቤት ተማረ። አማርኛው ከእኔ ከደሴዋ ይበልጥ የተስተካከለ ነበር። እኔ “ምነው ዘገየህ?” ስለው እሱ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ አሰናድቶ፣ ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ይመልስልኛል። ናይሮቢ የመጣው በሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ የእንስሳት ናሙና በሚቀመጥበት አንድ ተቋም ውስጥ ወለል መወልወል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተመራማሪ፣ የጽዳት ሠራተኛው የወደቀ ጠርሙስ ስብርባሪ መሐል የተበታተኑ እንቁራሪቶችን ቁጥራቸውን እያየ በየቦታቸው ሲመልስ አገኘው። በአንዱም አልተሳሳተም። ከዚያ ቀን በኋላ መወልወያ አልያዘም።

ሥራውን ሲጠይቁት “የሞቱ እንሽላሊቶች ዘበኛ ነኝ” ይል ነበር። እንሽላሊቱን ሰሃን ላይ ያስተኛል፤ በመርፌ ፎርማሊን ይወጋዋል፤ ከመድረቁ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል። ቁጥር ያለባትን ወረቀት በክር እግሩ ላይ ያስራል፤ በመጨረሻ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ያስገባዋል። ሊገድላቸው ሲል በትግርኛ “ይቕረታ” ይላቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት ከእሱ ሳይሆን ከሥራ ጓደኞቹ ነው። ክሩን የሚቋጥርበት መንገድ የራሱ ነበር፤ ቤት ውስጥ ቁልፍ ሲተክልም ያንኑ ቋጠሮ ይጠቀማል። ያረጀው ሹራቤ ተተልትሎ አልቋል፤ ቁልፎቹ ግን አንዱም አልወለቀም።

ጠርሙስ መጣል በቤታችን ክልክል ነበር። የማር፣ የማዮኔዝ፣ የማርማላታ ጠርሙስ ሁሉ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተፈትሾ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እስክሪብቶም አልነበረንም። የናሙና ወረቀት በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ልማድ ሆኖበት ሁሉን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። የልጃችንን የኤሊልታን የትምህርት ቤት ፈቃድ በእርሳስ ፈርሞ፣ አስተማሪዋ “አባትሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የፈረምሽው?” ብላ መልሳታለች።

በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቅም ነበር። እንስሳው በተያዘበት ቦታ የተጻፈችው የመጀመሪያ ወረቀት ከእንስሳው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ትገባለች፤ አትጣልም፤ አትታረምም። ስህተት ቢገኝባት እንኳ ሌላ ወረቀት ይጨመርላታል እንጂ እሷ አትነካም። “ቦታና ቀን የሌለው እንሽላሊት ሬሳ ብቻ ነው” ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሱን ወረቀት የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ከጡረታው ይልቅ የሚኮራው በዚህ ነበር።

እዚህ ናይሮቢ የሚካኤል ማኅበር አለን። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በተራ፣ በየአባሉ ቤት እንሰበሰባለን። የማን ተራ እንደሆነና ማን እንደመጣ ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የኅዳር ሚካኤል ተራ አንድ ጊዜ የጋሽ ጓንጉል ሆነ። ጋሽ ጓንጉል መሀል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ቤቱ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ንጎንግ ኮረብታው ሥር ነው። በጓሮው ለአጥር ያስጫነው ድንጋይ ተከምሮ ነበር። ከጸሎት በኋላ ዳቦው ተቆርሶ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ የተወልደ ወንበር ባዶ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ጉልበቱ አፈር ለብሶ መጣ።

“ብዙዬ፣ ጠርሙስ!”

“በማኅበር ቀን?”

“ጠርሙስ፣ እባክሽ።”

ጋሽ ጓንጉል የማር ጠርሙስ አምጥቶ ባርኔጣው ውስጥ ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ። “አንተ! ሚካኤል ረግጦ የያዘውን አንተ በባርኔጣ ታነሳለህ?”

“እግር አላት፣ ጋሽ ጓንጉል። ቁጠር።”

“እግር ያወጣ ዲያብሎስ አይብስም?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ስኪንክ ከሚባሉት እንሽላሊቶች ነበረች። እነዚህ ቆዳቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፤ እግራቸው ከማጠሩ የተነሳ ፈጥነው ሲያልፉ እባብ ይመስላሉ። ይቺኛዋ ጉንጯ ላይ የሚጀምር ነጭ መስመር ነበራት፤ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ተወልደ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ። እርሳስ አለው፤ ወረቀት የለውም። እኔ ሳልፈቅድለት ከደብተሬ ገጽ ጥግ ቀደደ፤ ተቆጣሁት፤ አልሰማኝም። ቦታውን ጻፈ፣ የድንጋዩን ክምር ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ። ቀና ብሎ የጠየቀኝን ግን ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ረስቼው ኖርኩ።

በማግስቱ እንሽላሊቷን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ከጉበቷም ቅንጣት ወስዶ ለብቻው አስቀምጦ፣ ወደ መዝገብ እንዲያስገባት ለሥራ ጓደኛው ትቶለት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ማታ ግን እራት ላይ “ይህች ሌላ ናት” አለኝ።

“ከማን ሌላ?”

“ከሚታወቁት። የሚመስሏት በወገባቸው ዙሪያ ሠላሳ ረድፍ ቅርፊት አላቸው። እሷ ሃያ ስድስት ናት። ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።”

ወንድ መሆኑን እያወቀ “እሷ” ነበር የሚለው፤ ትንሽ ነገር ሁሉ ለእሱ ሴት ናት። በየጊዜው በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ “ይህች ሌላ ናት፣ እመነኝ፣ ይህች ሌላ ናት” ሲል “ቀስ በል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል?” እለው ነበር። የሚያምነው ግን አልተገኘም። የሚያምነውም ጊዜ አልነበረውም። እንሽላሊቷ በሌላ ዝርያ ስም መደርደሪያ ላይ ቆየች፤ እሱም ጡረታ ወጣ።

ዶክተር ለይላ ወደ ተቋሙ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የጋሪሳ ሰዎች ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን እዚሁ ሳውዝ ሲ፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ተወልደ ጡረተኛም ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ናሙናው መጋዘን ይሄድ ነበር፤ አልኮል የጎደለባቸውን ጠርሙሶች ይሞላል። አንድ ሐሙስ የእንሽላሊቷን ጠርሙስ አውርዶ ለይላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና “ቁጠሪ” አላት። ለይላ ቆጠረች። ሃያ ስድስት። ደግማ ቆጠረች። በሚቀጥለው ሐሙስ የጉበቷን ቅንጣት ለምርመራ ልካው ነበር።

ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። “ምዜ” ትለዋለች፤ ሽማግሌዬ እንደማለት ነው። ይጨቃጨቁ ነበር፤ ዕቃዬን ነካሽ፣ ክዳኑን አላጠበቅሽም፣ ሻይ ከናሙና አጠገብ አስቀመጥሽ። ምርመራው እውነትም የተለየች መሆኗን ሲያሳይ ቤታችን መጥታ በስሙ ልትሰይማት እንደምትፈልግ ነገረችው።

“አይሆንም” አለ።

“ለምን፣ ምዜ?”

“ስሜ ረጅም ነው። እንሽላሊቷ አጭር ናት። ወረቀቱ ከእግሯ ይከብዳታል።”

ማታ ግን መብራት ሳያጠፋ ብዙ ቆየ። ምን እያሰብክ ነው ስለው “ምንም” አለኝ፤ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ስለ እንሽላሊቷ አብረው የጻፉትን በታኅሣሥ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ላኩ። እሱ በጥር አረፈ። መልሱ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለይላ ግን አርባው እስኪወጣ ዝም አለች። አንድ ቅዳሜ በካርቶን መነጽሩን፣ መቆንጠጫውንና አሥራ አንድ ቁራጭ እርሳስ ይዛ መጣች። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሻዩን አልነካችውም።

“ማማ ብዙነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምዜ በማርች 2009 ንጎንግ ሄዶ ነበር?”

“በየትኛው ማርች?”

ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። ወረቀቷ ነበረች፤ የእሱ እጅ፣ የእሱ እርሳስ። ንጎንግ፣ የድንጋይ ክምር፣ 12/3/2009 ይላል።

“የመጽሔቱ ገምጋሚዎች የተቋሙን የጉዞ መዝገብ ጠይቀው አይተዋል” አለች። “በዚያ ቀን ምዜ ሰሜን፣ ማርሳቢት ነበር። ከአራት ሰው ጋር፣ ፊርማው አለ። ንጎንግ ሊሆን አይችልም። ወረቀቱ እምነት አይጣልበትም ነው የሚሉት።”

“እምነት አይጣልበትም ማለት ውሸታም ነው ማለት ነው?”

“እንደዚያ አይሉም።”

“ታዲያ ምን ይላሉ?”

ለይላ ጣቶቿን አየች። “እንደዚያው፤ በለዘበ ቃል።”

ኤሊልታ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። “ማሚ፣ ፕሊዝ፣ እሷ አይደለችም ያለችው።”

“አውቃለሁ። አባትሽ ግን ሠላሳ ዓመት ወረቀት ጽፏል።”

“ወረቀቱ ከወደቀ ምን ይሆናል?” ብላ ኤሊልታ ለይላን ጠየቀቻት።

“የተያዘበት ቦታ አይታወቅም ይባላል። ቦታው ካልታወቀ ደግሞ…”

“ሬሳ ብቻ ነው” አልኩ እኔ። ለይላ አንገቷን ደፋች። እሷም ከእሱ ሰምታዋለች።

ከዚያ፣ ለመናገር ያህል ብቻ ይመስለኛል፣ “ሌላም አለ” አለች። “መዝገብ ላይ የገባችው በኖቬምበር 2016 ነው። ተያዘች ከተባለበት ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ። ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበረች ይላሉ።”

ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። ብድግ አልኩ። ኤሊልታ ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። መኝታ ቤት ገብቼ ከቁም ሣጥኑ በታች ያሉትን የማኅበር ደብተሮች አወጣሁ። ሦስተኛው ነው። ኅዳር ሚካኤል፣ በጋሽ ጓንጉል ቤት። የገጹ የታችኛው ጥግ የለም። ከላይ በራሴ እጅ 12/3/2009 ተጽፏል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ተወልደ በአንድ እጁ የማሩን ጠርሙስ፣ በሌላው እርሳሱን ይዞ ቀና አለና “ብዙዬ፣ ቀኑን ንገሪኝ” አለኝ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ተቆጥቼ ስለነበር ቀና ሳልል ከገጹ አናት አነበብኩለት። እሱም እንደነገርኩት ጻፈ። በሥራው ቦታ ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው የሚጽፈው፤ በዚያ ቀን ግን ዳቦ ቆርሰን፣ ሚካኤልን አወድሰን፣ አሥራ ሁለት ላይ ነበርን፤ ለማንኛችንም ሌላ ቀን አልነበረም። በኋላም ወረቀቱን ማንበብ አላስፈለገውም። ቀኑን ያውቀዋላ። እሱ የሚቆጥረው ቅርፊት ነበር።

ደብተሩን ለለይላ አሳየኋት። የእኛ ሦስተኛ ወር በእነሱ ኖቬምበር እንደሆነ፣ 2009 የምንለው እነሱ 2016 የሚሉት እንደሆነ ነገርኳት። ስልኳን አንስታ ፎቶውን እንደገና አነበበች።

“ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲል የጻፈውስ?” አለች።

“በእኛ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ።”

“ሳ ናኔ!” ብላ ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ስምንት ሰዓት ማለቷ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከጠዋት ነው። “ሰዓቱን እኮ ያለ ጥያቄ በእኛ ነው ያነበብኩት። ቀኑም የራሱ ቤት እንዳለው አላሰብኩም።”

“የነገርኩት እኔ ነኝ” አልኳት።

“ማማ…”

“ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ይህን ጻፊላቸው።”

“እኔ አልጽፍም” አለች። “ሐሙስ ይምጡ።”

ሐሙስ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራበት ያንን መጋዘን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሽታው ከኮቱ የማውቀው ሽታ ነው። ለይላ ጠርሙሷን አወረደች። እንሽላሊቷ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ነጩ መስመር ግን ትከሻዋ ላይ ቀጥ ብሎ አለ። ጣቶቿ አንድ በአንድ ተዘርግተዋል። እግሯ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየሁት። ከሹራቤ ቁልፍ ጋር አንድ ነው።

ለይላ ወረቀቷን በመቆንጠጫ አውጥታ ከደብተሩ ጥግ ጋር አስጠጋቻት። የደበዘዘው ሰማያዊ መስመር ከሰማያዊው መስመር ገጠመ፤ የተቀደደው ከተቀደደው ገጠመ። ፎቶ አነሳች። ከዚያ ወረቀቷን እንዳለች ወደ ጠርሙሱ መለሰቻት፤ አንዲት ፊደል አልነካችም። አዲስ ወፍራም ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። እርሳሱ ከካርቶኑ ቁርጥራጮች አንዱ ነበር።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 2009፤ በፈረንጅ 21 ኖቬምበር 2016። ቀኑን የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱ የጻፈው የተነገረውን ነው። ብዙነሽ።” ለይላ ከሥሩ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችው። ሁለቱ ወረቀቶች አሁን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው።

መልሱ በሰኔ መጣ። ለይላ ቤት ድረስ መጥታ አነበበችልኝ። ቀኑን ተቀብለዋል። የመለያ ወረቀቱ ትክክለኛ ነው፤ የያዡም ቃል የታመነ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። በመጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ጨምረዋል። አንድ እንስሳ ብቻ አይበቃም፤ ከዚያው ቦታ ሁለተኛ፣ ቢቻል ሴት፣ ይፈለግ።

ከለይላ ጋር ንጎንግ ሁለት ጊዜ ሄደናል። የድንጋዩ ክምር ግማሹ አጥር ሆኗል፤ ግማሹ አሁንም አለ። ጋሽ ጓንጉል ለአጥሩ የቀረውን ሥራ አስቁሞ፣ ሠራተኞቹን “ድንጋይ ያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጸቡ” ብሏቸዋል። በሁለተኛው ጊዜ እሱም ሰባ አራት ዓመቱን ይዞ ከጎኔ ተንበርክኮ ድንጋይ ስር ያይ ነበር።

“ተወልደ ቢያየን ይስቅብን ነበር” አለኝ።

“እንዴት እንደምታነሳ ነበር የሚቆጣህ። ያነሳኸውን ድንጋይ እንደነበረ መልሰው፣ ጋሽ ጓንጉል።”

“እሺ፣ እሺ። ሚስቱም እንደሱ ሆነች።”

ድንጋዩን እንደነበረ መለሰው። ከሥሩ ጉንዳንና አንድ ጊንጥ ብቻ ነበሩ። ለይላ እንሽላሊቶቹ ከዝናቡ በኋላ እንደሚወጡ ትናገራለች። የእንሽላሊቷን አዲስ ስም ወረቀት ላይ ጽፋ አሳይታኛለች፤ የተወልደ ስም መጨረሻው ላይ ትንሽ ተቀጥሎበት። እውነትም ረጅም ነው።

ሴቷ እስካሁን አልተገኘችም፤ ስሙም ገና አልታተመም።